ይዞ የቀረ ፍሬን



ስለ ፍሬን ስናወራ አፋችን የሚቀናው ስለ መበጠሱ ነው። «ፍሬን በጥሶ ገደል ገባ» የሚለውን ዜና ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ንዴቱን መግታት ያቃተውን ሰው፣ ምላሱን የማይቆጥበውን ተናጋሪ፣ ብርጭቆውን የማይቆጥረውን ጠጪ ሁሉ «ፍሬኑን በጥሷል» እንላለን። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ዛሬ በምናያቸው መኪኖች ውስጥ በእግር የሚረገጠው ፍሬን በዘይት ግፊት ስለሚሠራ የሚበጠስ ገመድ የለውም። ቃሉ ግን ፍሬን በሽቦ ገመድ ይሳብ የነበረበትን ዘመን ያስታውሳል፤ ምናልባትም ከዚያ በፊት ልጓሙን በጥሶ የጋለበውን ፈረስ።

ለተቃራኒው ሕመም ግን ተረትም ምሳሌም አላበጀንለትም። ፍሬኑ ያልተበጠሰ፣ ይልቁንስ ይዞ አልለቅም ያለ መኪና ገደል አይገባም፤ ዜናም አይሆንም። ቀስ እያለ ይግላል፤ ነዳጅ ይፈጃል፤ መሪውን ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፤ የተቃጠለ ሽታ ያመጣል። ሹፌሩም «ሞተሩ ደክሟል» ይላል። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ዝምተኛ ሕመም ነው። ታሪኩ በአንዲት አሮጌ ቮልስ ይጀምርና በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በኩል ወደ ሌላ ታሪክ ይወስደኛል። አብራችሁኝ ትጓዙ ዘንድ እጋብዛለሁ።

አባቴ ቮልሷን የገዛት በ1966 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሣ አንድ የውጭ አገር መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራች ናት፤ አራቱም ጎማዎቿ የታምቡር ፍሬን አላቸው። እኔ ስወለድ እርሷ የቤቱ የበኵር ልጅ ነበረች ማለት ይቻላል። አባቴ ከዚህ ዓለም ከተለየ ሁለት ክረምት አልፏል። ለመጨረሻ ጊዜ ከገበያ ተመልሶ ሰበታ ባለው ቤታችን ግቢ ውስጥ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር አቆማት፤ እንደ ልማዱ የእጅ ፍሬኑን እስከ ጥግ ሳበ፤ ወረደ። ከዚያ በኋላ ያንን እጀታ የነካ ሰው አልነበረም። እናቴ አቧራውን ትጠርጋለች፣ መስታወቱን ትወለውላለች፣ በሩን ግን አትከፍትም።

ዘንድሮ የቤቱ ጣራ ማፍሰስ ጀመረና ገንዘብ አስፈለገ። ሱሉልታ የሚኖር፣ አሮጌ ቮልሶችን እየገዛ የሚያድስ ሰው እንዳለ ሰማሁ። ነገሩን ለእናቴ ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ፣ «አባትህ የሳቡትን ፍሬን ማን ይልቀቀው?» አለችኝ። ጥያቄው የሐዘን እንጂ የመካኒክ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ለማንኛውም በማግሥቱ ገባሁና እጀታውን ወደ ታች አወረድኩት። እጀታው ታዘዘ። መኪናዋ ግን አልታዘዘችም። ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ስንገፋት የግራው የኋላ ጎማ መዞሩን ትቶ አፈሩን እያረሰ ተንሸራተተ።

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ፤ ይህ የያዘ ነገር ከየት እንደመጣ ማወቅ ይገባናልና።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጂቡቲ ተነሥቶ፣ መንገድ በሌለበት አገር አቆራርጦ፣ መኪናውን ለዳግማዊ ምኒልክ አቀረበ። በዚያው ዓመት አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊም ሌላ መኪና ይዞ መጣ። ያን ጊዜ ዛሬ የምናውቀው የታምቡር ፍሬን ገና ሕፃን ነበር፤ ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ የባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። የሚደንቀው ነገር፣ የታምቡርን ቦታ ኋላ የወሰደው የዲስክ ፍሬንም በዚያው ዓመት በእንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር ስም መመዝገቡ ነው። ሁለቱ ተፎካካሪዎች መንታ ናቸው፤ አንደኛው ግን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ብቻውን ነገሠ።

ቃሉም የራሱ መንገድ አለው። ጣልያኑ «ፍሬኖ»፣ ፈረንሳዩ «ፍሬን» ይለዋል፤ ሁለቱም የወጡት «ፍሬኑም» ከሚለው የላቲን ቃል ነው። «ፍሬኑም» ማለት ደግሞ ልጓም ነው። እንግዲህ እኛ በገዛ ቋንቋችን የነበረንን ልጓም ትተን፣ የባዕድ ልጓም ተውሰን መኪናው ላይ አሰርነው ማለት ነው። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ግን ልጓም ሁለት ሥራ እንዳለው ያውቃል፤ መሳብና ማላላት። ልጓሙን ሁልጊዜ የሚስብ ጋላቢ የፈረሱን አፍ ያቆስላል።

ወደ ሰበታዬ ልመለስ። ለአሮጌ መኪና አሮጌ መካኒክ ይሻላል ብለው ጎረቤቶቼ የጠቆሙኝ ሽማግሌ መጡ። «ጋሼ፣ ጎማዋ ደርቋል» አልኳቸው። «ጎማ አይደርቅም ልጄ፤ ውስጡ ያለው ነገር ነው» አሉኝና ክሪካቸውን ከመኪናዋ ሥር አስገቡ።

አስተውሉ፤ ክሪክ የጣልያን ቃል ነው። ካቻቪቴ፣ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ሞላ፣ ፖምፓ፣ ኩሽኔት፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ «መኪና» የሚለው ራሱ ሳይቀር የጣልያን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የያዘን ጠላት ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ወደ ነቀምቴ፣ ወደ ጎጃም መንገድ ሲዘረጋ፣ መንገዱ ላይ መኪናውን፣ መኪናው ውስጥ ደግሞ ቃሉን ጭኖ መጣ። ሰበታ የጅማውን፣ ቡራዩ የአምቦና የነቀምቴውን፣ ሱሉልታ የጎጃሙን መንገድ ይዘው የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። ወራሪው በአምስት ዓመቱ ተባረረ፤ ቃሉ ግን ጋራዡ ውስጥ ይዞ ቀረ። ይህን እንደ ቁጭት አልናገረውም። አባቶቻችን ከወራሪው እጅ መሣሪያውንም ስሙንም ማርከው የራሳቸው አደረጉት። ሽማግሌው መካኒክ «ሞላ» ሲሉ ጣልያንን የሚያስታውሱ አይመስለኝም።

ነገር ግን ከልምዳቸው የተማርኩት ትልቁ ነገር ቃል ሳይሆን የምርመራ ሥርዓት ነው። እኔ መዶሻ ይዤ ለመቀጥቀጥ ተዘጋጅቼ ነበር። እርሳቸው ግን፣ «ከመፍታትህ በፊት ጠይቅ» አሉኝ። ጥያቄያቸው ሦስት ነበር፤ የያዘው የትኛው ጎማ ነው? የያዘው ዘይት ነው ወይስ ብረት? ብረት ከሆነስ ከታምቡሩ ውጭ ነው ወይስ ውስጥ?

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ታምቡሩን በአጭሩ ልሳለው። ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር፣ ድስት የመሰለ የብረት ታምቡር አለ። በውስጡ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ሁለት ብረቶች በማይዞር ሳህን ላይ ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸው ላይ የፍሬን ሸራ ተለጥፏል። ፍሬን ሲረገጥ ከፊት ካለው ዋና ፖምፓ የተነሣው ዘይት በቱቦ ተጉዞ ጎማው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፖምፓ ይሞላል፤ እርሷም ሁለቱን ጨረቃዎች ወደ ውጭ ትገፋለች። ሸራው የታምቡሩን ውስጣዊ ግድግዳ ሲነካ ሰበቃው ፍጥነቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። እግር ሲነሣ ደግሞ ሞላዎቹ ጨረቃዎቹን ወደ ቦታቸው ይስባሉ። የእጅ ፍሬኑ ዘይት አያውቅም፤ በሽቦ ገመድ የኋላዎቹን ሁለት ጎማዎች ብቻ ይይዛል።

ከዚህ ሁሉ ያስደነቀኝ አንድ ነገር ነው። ለመያዝ የሰው እግር ጉልበት፣ የፖምፓና የዘይት ግፊት ተሰናድቷል። ለመልቀቅ ግን ከሁለት ቀጫጭን ሞላዎች በቀር ማንም የለም። ሞላው ከላላ፣ ፖምፓዋ ከዛገች፣ ገመዱ መሸፈኛው ውስጥ ከደረቀ ወይም ሸራው ከታምቡሩ ጋር ከተጣበቀ መያዙ ይቀጥላል፤ መልቀቁ ይቀራል።

ሽማግሌው አራቱንም ጎማዎች በየተራ እያነሡ በእጃቸው አዞሩ። ሦስቱ ዞሩ፤ የኋላ ግራው ደረቀ። ቀጥለው ከጎማው በስተጀርባ ያለችውን የአየር ማውጫ ቡሎን በጥቂቱ ፈቱ። «ዘይት ታፍኖ ቢሆን ኖሮ አሁን ፈንጥቆ ወጥቶ ጎማው ይለቅ ነበር» አሉ። ሁለት ጠብታ ዝም ብላ ወረደች፤ ጎማው አልተነቃነቀም። እንግዲህ ጥፋቱ የዘይት አይደለም፤ የብረት ነው። ከዚያም የእጅ ፍሬኑን ገመድ ከእጀታው ሥር አላሉት። አሁንም አልለቀቀም። «ከታምቡሩ ውስጥ ነው» አሉ። በታምቡሩ ቀዳዳ ካቻቪቴ አስገብተው የማስተካከያውን ጥርስ ወደ ኋላ መለሱት፤ ከዚያም የታምቡሩን ዙሪያ በእንጨት መዶሻ በቀስታ መቱ። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ልረጭ ስል እጄን ያዙኝ፤ ዘይት የነካው ሸራ ዳግመኛ አይይዝምና።

በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ምት «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጎማው ዞረ። ደጃፍ ላይ ቆማ የነበረችው እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ቤት ገባች።

የቮልስን የኋላ ታምቡር ማውጣት ቀላል አይደለም። ባለ 36 ሚሊ ሜትር ዳዶ ታስሮበታል፤ ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክተን፣ እኔ ቆሜበት ነው የተፈታው። ሲከፈት ሸራው ሁለት ክረምት ሙሉ ተጭኖት የኖረበት ቦታ በታምቡሩ ግድግዳ ላይ እንደ ማኅተም ታትሞ አየሁ፤ ዙሪያው ቀይ ዝገት፣ መካከሉ ደብዛዛ ብረት። የአባቴ እጅ የመጨረሻ ፊርማ ነበር። አቧራውን እፍ ልል ጎንበስ ስል ሽማግሌው በቁጣ ከለከሉኝ። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግነው። አውሮፓውያኑ አስቤስቶስን በኅብረታቸው አገሮች ሁሉ ያገዱት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ከዚያ በፊት ስንት የጋራዥ ሠራተኛ ያንን አቧራ በአፉ እፍ እያለ እንደኖረ አስባችሁታል? ሳንባም ይዞ የማይለቀው ነገር አለ።

ገመዱንና ሞላዎቹን ቀየርን። ሽማግሌው የፊቶቹንም ሁለት የጎማ ቱቦዎች ከሶማሌ ተራ እንድገዛ መከሩኝ። እኔ ዳር ዳሩን አይቼ «ደኅና ናቸው ጋሼ፣ ወጪ እናብዛ እንዴ?» አልኩ። ትከሻቸውን ነቀነቁና ዝም አሉ።

መኪናዋን ለአንድ ሳምንት ወደምኖርበት ወደ ቡራዩ ወሰድኳት። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ውስጧ እቀመጥ ነበር። ቡራዩ በአዲስ ዓለም መንገድ ላይ ነው፤ ምኒልክ በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ያሠሩት የአዲስ አበባና የአዲስ ዓለም መንገድ በዚህ አቅጣጫ ይሄዳል። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው በእንፋሎት የሚሄድ ግዙፍ ማሽንም የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። እዚህ ተቀምጬ ስለ ቮልስ ሳስብ አንድ ሌላ ቮልስ አእምሮዬን አልለቅ አለኝ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አውጥቶ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰዳቸው በቮልስዋገን ነበር። ሮልስ ሮይስ የነበራቸው ንጉሠ ነገሥት የመጨረሻ ጉዟቸውን መምህራንና ጸሐፊዎች በሚነዷት ትንሽ መኪና ሄዱ። አባቴ ያን ቀን የራሱን ቮልስ ከገዛ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ወሬውን የሰማው መሪ ይዞ እንደነበር ይነግረኝ ነበር፤ ከዚያም ያለ ወትሮው መንገድ ዳር አቁሞ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ለምን እንደሳበ ጠይቄው፣ «እኔ እንጃ፤ የሚያዝ ነገር ፈልጌ ይሆናል» አለኝ።

ንጉሡ ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ አልጋ ወራሽ፣ ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ እንደ ንጉሠ ነገሥት ዘውዳዊውን ሥልጣን ይዘው ኖረዋል። የ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ሲነሣ ከሞላ ጎደል ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ያን ጊዜ እንኳ ጥቂት ማላላት ቢቻል ኖሮ ብለው የሚቆጩ ብዙዎች ናቸው። እኔ የታሪክ ዳኛ አይደለሁም፤ ነገር ግን የተካቸውም አልለቀቀም። ደርግ ራሱን «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር» ብሎ ሰየመ። «ጊዜያዊ» የሚለውን ስም ይዞ እስከ መስከረም 1980 ዓ.ም. ድረስ 13 ዓመት ቆየ፤ ስሙን ከለወጠ በኋላም እስከ 1983 ዓ.ም. ሥልጣኑ ላይ ነበር። ታሪካችንን ስንጽፍ የምንመዘግበው የተበጠሰበትን ቀን ነው፤ መስከረም 2፣ ግንቦት 20። ከመበጠሱ በፊት ስንት ዓመት ይዞ እንደጋለ፣ ሽታው ከየት ጀምሮ ይሰማ እንደነበረ ግን እንረሳዋለን። «ፍሬን በጠሰ» የሚለው ቃል ታሪክ አነባበባችንንም እንዳጣመመው ጠረጠርኩ።

በሳምንቱ መጨረሻ ከሽማግሌው ጋር ወደ ሱሉልታ ጉዞ ጀመርን። «ገዢው እጅ ሳትገባ ዳገት ላይ ልያት» ብለው አብረውኝ ወጡ። ከቡራዩ በአስኮ፣ በዊንጌት አድርገን አዲሱ ገበያን አለፍንና የእንጦጦን ምዕራባዊ ትከሻ መውጣት ያዝን። የጎጃም መንገድ የጭነት መኪና አያጣም፤ ከፊታችን አንድ ተሳቢ እያቃሰተ ይወጣ ስለነበር ፍሬን መርገጥ አበዛሁ። ዳገቱ አናት አካባቢ መሪው ወደ ቀኝ መጎተት ጀመረ። ቀጥሎ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ወደ ሱሉልታ ሜዳ መውረድ ስንጀምር ነዳጅ መስጫውን ለቅቄ እንኳ መኪናዋ እንደሚገባት አትወርድም ነበር።

«አቁም» አሉኝ። ወርደው መዳፋቸውን ወደ ፊተኛው ቀኝ ጎማ አስጠጉ፤ ሳይነኩት መለሱት። የግራውን ነኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። ውኃ ላፈስበት ስል፣ «የጋለ ታምቡር ላይ ውኃ አይደፋም፤ ይሰነጠቃል» አሉ። ድንጋይ ከጎማው ሥር አድርገን ጠበቅን። ቁልቁል የሚታየው የሱሉልታ ሜዳ ከክረምቱ በኋላ አረንጓዴ ነበር፤ ነፋሱ ይበርዳል።

ሲቀዘቅዝ ያው የሰበታው ጥያቄ ተደገመ። ጎማው ተነሣ፤ ደረቀ። የአየር ማውጫዋ ቡሎን ተፈታች። በዚህ ጊዜ ግን ዘይቱ ፈንጥቆ ወጣና ጎማው ወዲያው ዞረ። «አየህ? ያኛው የብረት ነበር፤ ይህ የታፈነ ግፊት ነው» አሉ። ዋናው ፖምፓ ቢሆን ኖሮ ግፊቱን የሚያፍነው በአራቱም ጎማዎች ላይ ነው፤ የዚህች ቮልስ የዘይት መስመር አንድ ብቻ ነውና። የያዘው አንድ ጎማ ብቻ ስለሆነ ጥፋቱ ለዚያ ጎማ ብቻ በሚደርሰው ተጣጣፊ የጎማ ቱቦ ውስጥ ነው ማለት ነው። ቱቦው ከውጭ ሲያዩት ደኅና ነው። ከውስጥ ግን በእርጅና አብጦ ቀዳዳው ጠቧል። እግር በኃይል ሲገፋ ዘይቱ ያልፋል፤ ሞላው በደካማ ጉልበቱ ሊመልሰው ሲሞክር ግን አያልፍም። መግቢያ ያለው፣ መውጫ የሌለው በር።

«ይህን ቱቦ ነው ደኅና ነው ያልከኝ» አሉኝ ሳይቆጡ። አፈርኩ። ዳር ዳሩን አይቶ ፈራጅ እኔ ነበርኩ። ስለ ነገሥታት አለመልቀቅ ሳምንቱን ሙሉ ስፈላሰፍ፣ የጥቂት ብር ቱቦ ለመለወጥ እጄ አልፈታ ብሎኝ ሁለት ነፍስ ይዤ ቁልቁለት ልወርድ ነበር።

ያን ቀን ሽያጩ ቀረ። ጎማው በቀዘቀዘ ቁጥር እየተጓዝን፣ በከባድ ማርሽ እየጎተትን፣ ፍሬን ባለመርገጥ ወደ አዲሱ ገበያ ተመለስን። ቱቦዎቹ ከሶማሌ ተራ መጡ፤ ሁለቱም ተቀየሩ፤ አንዱ ካረጀ ጓደኛውም አርጅቷልና። የድሮው ዘይት ተደፍቶ አዲስ ገባ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል፤ የሳበው ውኃ ደግሞ ትንንሾቹን ፖምፓዎች ከውስጥ ያዝጋል። የሞተር ዘይት በፍሬን ዘይት ቦታ መጨመር ደግሞ ጎሚኒዎቹን ሁሉ አሳብጦ አራቱንም ጎማ ያስይዛል፤ አሮጌ መኪና ያላችሁ ይህን አደራ አስቡ። አሮጌውን ቱቦ ሽማግሌው በምላጭ ሰነጠቁልኝ። የመርፌ ቀዳዳ ያህል ቀርቶት ነበር።

በሁለተኛው ጉዟችን ዳገቱ አናት ላይ አቁመን አራቱንም ጎማዎች በመዳፋችን ነካን። ለብ ያሉ ነበሩ፤ እኩል ለብ። ሽማግሌው፣ «መያዝስ ሁሉም ይይዛል፤ መልቀቁን እይ» አሉኝና ተሳፈሩ።

ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። መንገዶቻቸው ላይ ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል፤ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ። ከእነርሱ መካከል አይዲ 4 የምትባለውን የቮልስዋገንን መኪና ሱሉልታ መግቢያ ላይ አየናት። የኋላ ጎማዎቿ የታምቡር ፍሬን እንዳላቸው ስነግራቸው ሽማግሌው ሳቁ፤ ማመን አልፈለጉም። እውነቱ ግን ይህ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱን የሚቀንሰው ሞተሩን ኃይል አመንጪ በማድረግ ስለሆነ ፍሬኑ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ሥራ የፈታ ብረት ይዝጋል፤ የተሸፈነ ታምቡር ደግሞ ከተጋለጠ ዲስክ ይልቅ ዝገትን ይቋቋማል። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ታምቡር በዚህ ምክንያት በአዲሱ መኪና ውስጥ ቦታ አገኘ። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ እርሱንም እንደ አባቴ ቮልስ ያስይዘው እንደሆነ የሚቀጥለው ትውልድ መካኒክ ያየዋል።

ገዢው ሰው በሩ ላይ ጠበቀን። ገንዘቡን ቆጠርን፤ ወረቀቱን ፈረምን። ከመውረዴ በፊት እጄ በልማድ የእጅ ፍሬኑን ሊስብ ሄደ። መሬቱ ሜዳ ነበር። እጀታውን እንደወረደ ተውኩትና አንድ ድንጋይ አንሥቼ ከጎማው ሥር አስቀመጥኩ።

ማታ ሰበታ ስገባ እናቴ፣ «አቆምካት?» አለችኝ። «አቆምኳት» አልኳት። «ፍሬኑንስ?» አለችኝ። «አልሳብኩትም» አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ፣ «ደግ አደረግህ» አለችና ቡና ለማፍላት ተነሣች።

ቸር እንሰንብት።